የፎቁ ቤት ውል

ደላላ ሳይጠየቅ ሲምል እኔ ቦርሳዬን አጠብቃለሁ። ያን ቀንም ደላላው ገና ደረጃውን ወጥተን ሳንጨርስ፣ «እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ ይኼ ቤት ምንም ነገር የለበትም» አለኝ። ምን አለበት ብዬ መቼ ጠየቅሁት? እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር የምወጣው።

ቤቱ ደብረ ማርቆስ መሃል ከተማ ላይ ያለው አሮጌው ፎቅ ነው። ዛሬ ከተማው ውስጥ መስታወት በመስታወት የሆነ ስንት ሕንጻ ቆሞ እንኳ ሰው «ፎቁ ቤት» ሲል ይኼንኑ ነው የሚለው። ምድር ቤቱ ድንጋይ፣ ላዩ የእንጨት ወለል፣ ፊት ለፊቱ መንገዱን የሚያይ የእንጨት በረንዳ፣ ጣሪያው ዝናብ ሲመጣ ሰውን ከሰው የማያሰማማ ቆርቆሮ ነው። የባህል ቢሮ ሰዎች መጥተው ቅርስ ነው ብለው በሩ አጠገብ ትንሽ ሰሌዳ ቸንክረውበት ሄደዋል። ላይኛው ክፍል ሰፊ ነው፣ ሁለት መስኮት አለው፣ ፍርድ ቤቱም በእግር ቅርብ ነው። ኪራዩ ደግሞ መንገድ ዳር ካሉት ጠባብ ሱቆች ሁሉ ያነሰ። እዚህ ላይ ነው የጠረጠርኩት። እንዲህ ያለ ቦታ በዚህ ዋጋ እኔን ሲጠብቅ የቆየው ለምንድን ነው?

እኔ ጠበቃ ነኝ። ዐቃቤ ሕግ ሆኜ በየወረዳው ዞሬ ዞሬ፣ በመጨረሻ የራሴን ልሥራ ብዬ የወጣሁ ሴት ነኝ። እንዲህ ተጠራጣሪ ያደረገኝ ሥራው ይመስለኛል። ወንድም ወንድሙን ሲክድ፣ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ በሐሰት ሲመሰክር ስሰማ ኖሬ፣ ሰው «እንደምን አደርሽ» ሲለኝ እንኳ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። እናቴ «አንቺ እኮ ለጸበልም ደረሰኝ ትጠይቂያለሽ» ትለኛለች። ትበል! ከዚያ በፊት በአፍ ቃል አምኜ ከሁለት ቢሮ ተባርሬያለሁ። አንደኛው አከራይ «በእኔና በአንቺ መሃል ደግሞ የምን ወረቀት ነው፣ እህቴ አይደለሽ» ብሎኝ፣ ግድግዳውን በራሴ ቀለም ካስቀባሁ በኋላ ክፍሉን ለአክስቱ ልጅ ፀጉር ቤት አደረገው። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ቀን ከችሎት ስመለስ ቁልፉን ቀይሮ ጠበቀኝ። ፋይሎቼን በረንዳ ላይ ነው ያገኘኋቸው።

የዚያን ዓመት ነገሩ የባሰ ነበር፤ የጥብቅና ፈቃዴ የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል። ለማደስ ደግሞ ቋሚ ቢሮ እንዳለኝ የሚያሳይ፣ አከራይና ተከራይ ውልና ማስረጃ ቀርበው የፈረሙበት የኪራይ ውል አምጪ ተብያለሁ። ጊዜው ጥር ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ውል ከሌለኝ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለኝ የያዝኳቸውን ባለጉዳዮች ሜዳ ላይ ጥዬ ችሎት ውስጥ እንደ ማንም ተመልካች ኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ነው። ለዚህ ነው ያን ክፍል እንደዚያ የፈለግሁት።

ባለቤቱ ረዘም ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ቤቱን የሠሩት አባታቸው ናቸው፣ የእህል ነጋዴ ነበሩ ይባላል። ሚስታቸው ከሞቱባቸው ቆይቷል፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው፤ እሳቸው በምድር ቤቱ በጓሮ በኩል ባለች ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። ከእሳቸው ክፍል ጎን ግን ሁልጊዜ የተቆለፈ ሌላ ክፍል አለ። ቁልፉን ከማዕተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አስረውታል። «ያ ክፍል የምንድን ነው?» ብዬ ደላላውን ብጠይቀው፣ «እሱ እንኳ የእሳቸው ነው» ብሎ ወሬውን ወደ መብራት ቆጣሪው አዞረው። ሁሉም የእሳቸው አይደለም እንዴ?

«አባባ፣ ውሉን መቼ እንፈራረም?» አልኳቸው በመጀመሪያው ቀን።

«ምን አስቸኮለሽ ልጄ? ግቢና ተቀመጪ። እኔም ጠባይሽን ልየው፣ አንቺም የቤቱን ጠባይ እዪው። ገና ይለፍና እናያለን።»

«እናያለን» የሚለውን ቃል እንዴት እንደምጠላው! ግን ምን ምርጫ ነበረኝ፤ ኅዳር ላይ ዕቃዬን አስገባሁ። ጠረጴዛዬ ሲወጣ አብረው ወጥተው ወለሉን በከዘራቸው መታ መታ እያደረጉ፣ «ከባድ ነገር አታስገቢበት» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር ደረጃው ሥር ቆመው ያያሉ። ሰውየው ሲወርድ፣ «ማን ነበር እሱ? ከየት ነው የመጣው? ምን አለሽ?» ይሉኛል። እሳቸው እኔን ሲሰልሉ እኔ እሳቸውን ስሰልል ታኅሣሥ ገባ።

ከመንገዱ ማዶ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሴት አለች። ወረቀት ላባዛ ስሄድ ወሬውን አብራ ታባዛልኛለች። «መንገዱ ሊሰፋ ነው አሉ፣ ይኼ ቤት አይተርፍም» ብላ አንድ ቀን ነገረችኝ። ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ልጃቸው ገዢ አግኝቷል አሉ» አለችኝ። ማን እንዳለ ስጠይቃት «ሰው ነዋ» ትላለች። እንዲህ ያለ ምስክር ችሎት ላይ ቢቀርብብኝ በሁለት ጥያቄ ነው የምጥለው። ሆኖም ወደ ቢሮዬ ስመለስ ያለችኝ ሁሉ ሆዴ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ከዚያ በዓይኔ የማየው ነገር መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከበረንዳው ወደ ግቢው ስመለከት ሁለት ሰዎች በገመድ ግቢውን ይለካሉ። አንደኛው ከአጥሩ እስከ ዋንዛው ዛፍ በእርምጃ ሄዶ፣ «ይኼን ያህል ይበቃል፣ ወዲያ በኩል ግን በሩን ማስፋት ነው» አለ። ሽማግሌው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ገመዱን ጠቀለሉት። ስወርድ መታገሥ አልቻልኩም፣ ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ቤቱን ሊሸጡት ነው እንዴ?»

«ማን? እኔ? አባቴ የሠራውን ቤት?» ብለው ከዘራቸውን መሬት ላይ ቀጠቀጡት።

ልብ በሉ፣ አልሸጥም አላሉም። እኔ ደግሞ ሰው ያላለውን ነገር መስማት ሥራዬ ነው።

ገና ሲቃረብ በጋሪ ጆንያ ይመጣ ጀመር። ጆንያው ወደዚያ ወደተቆለፈው ክፍል ይገባል፣ በሩ ወዲያው ይቆለፋል። ከዚያ እንጨት መጣ፣ ከዚያ ትልልቅ ጋን። ሁለት ቄሶች በየጊዜው እየመጡ ከእሳቸው ጋር በለሆሳስ ያወራሉ፤ የእኔ ጫማ ደረጃው ላይ ሲሰማ ወሬያቸው ይቆማል። አንድ ጠዋት ደግሞ ቢሮዬን ስከፍት በወለሉ ክፍተት የጌሾ ሽታ አወደኝ። እዚሁ አገር ነው ያደግሁት፣ ጌሾ አይጠፋኝም። ሮጬ ወደ ፎቶ ኮፒዋ ሴት ሄድኩ።

«ጠላ ቤት ሊከፍቱ ነው!» አለች ገና ሳልጨርስ። «ጉድሽ ፈላ! ሰክሮ የሚወጣው ሁሉ ያንቺን ደረጃ ተደግፎ ነው የሚያስመልሰው።»

ደሜ ፈላ። ተመልሼ ሽማግሌውን ከደጃፋቸው ያዝኳቸው። «አባባ፣ ሠርግ አለ?»

«የምን ሠርግ አመጣሽ?»

«ማን ሞቶ ነው ታዲያ ይኼ ሁሉ ጠላ?»

«ገና ማንም አልሞተ» አሉና እንደ ማፈር ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። በሩንም ዘጉት።

ገና ባለፈ በሳምንቱ፣ ረቡዕ ቀን፣ ሽማግሌው ራሳቸው ደረጃውን ወጥተው መጡ። እኔ ቢሮ ገብተው ተቀምጠው አያውቁም ነበር። ያን ቀን ተቀመጡ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

«ልጄ፣ ነገ ውልና ማስረጃ እንሂድና እንፈራረም። አምስት ዓመት አድርጊው።»

ሰው የለመነውን ሲያገኝ ደስ ይለዋል አይደል? እኔ ግን ጠረጠርኩ። ሁለት ወር ሙሉ እናያለን ሲሉኝ የነበሩ ሰው አምስት ዓመት? «ለምን አምስት?» አልኳቸው።

«አንቺ አይደለሽ ውል ውል ስትዪኝ የከረምሽው?»

«ነገን ደግሞ ምን አመጣው? ለምን በሚቀጥለው ሳምንት አይሆንም?»

«ከእሑድ በኋላ አልመችሽም» አሉኝ።

በሰላም አገር ከእሑድ በኋላ የማይመች አከራይ ምን ዓይነት ነው? በሥራዬ ያየኋቸው ፋይሎች ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ተገለጡ። ባለዕዳ ቤቱ ሊወሰድበት ሲል የማያውቅ ሰው ያስገባና ረጅም የኪራይ ውል ይፈርምለታል፤ ገንዘብ ጠያቂው ሲመጣ ተከራይ አለበት ይላል። ኋላ ክርክሩ ሲነሣ ተንኮሉን አብሮ እንደ ሠራ ሰው የሚቆጠረው ተከራዩ ነው። እንዲህ ባለ ውል ላይ የአንድ ጠበቃ ስም ሲገኝ ምን እንደሚባል አስቡት። ርካሹ ኪራይ፣ የቄሶቹ ሹክሹክታ፣ ገመዱ፣ የተቆለፈው ክፍል፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን የያዘ መሰለኝ።

«እስቲ መጀመሪያ ላጣራ» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ቤቱ ዕዳ ወይ እግድ ያለበት መሆኑን ከማዘጋጃ ቤት ልጠይቅ። ከዚያ እፈርማለሁ።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጡም። ፊታቸው ቅጭም አለ፣ ተነሡ፣ «አባቴ የሠራው ቤት ነው» አሉ ቀስ ብለው፣ ደረጃውንም እየተደገፉ ወረዱ። ትንሽ ከፋኝ። ወዲያው ግን «ንጹሕ ቢሆኑማ ይጮኹብኝ ነበር» አልኩና ማመልከቻዬን ጽፌ ማዘጋጃ ቤት አስገባሁ። ሰኞ ተመለሺ አሉኝ።

ዓርብ ቁይ ከተማ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ነበረኝ። እዚያ ያሉት ዘመዶቼ አንለቅሽም ብለው ሁለት ቀን አሳደሩኝ፣ እሑድ ረፋድ ላይ በሚኒባስ ተመለስኩ። ከመኪናው ወርጄ ወደ ፎቁ ቤት ስጠጋ ግቢው ውስጥ ትልቅ ድንኳን ተተክሏል። በሩ ተነቅሎ ሰፍቷል። ቄሶች ይገባሉ፣ ሰው ነጠላ ለብሶ ይጎርፋል። እግሬ መንገዱ ላይ ተተከለ። ሽማግሌው ሞቱ!

መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ምን እንደነበር ልናገር፤ «ውሌ!» የሚል ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ቀጥሎ ግን ያ ረዥም ቁመታቸው ከጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጦ «ነገ እንሂድ» ሲል ታየኝና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ለልመና የመጡትን ሰው ላጣራ ብዬ መለስኳቸው፣ እሳቸው ሊሞቱ! ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩና ወግ እንደሚያዘው ከበሩ ጀምሬ ዋይታዬን ለቀቅኩት።

«ዋይ! ዋይ! አባባ! ይቅርታ ሳልጠይቅዎት! እንዲህ ድንገት ጥለውኝ!»

በሩ ላይ የነበሩት ወንዶች ተያዩ። አንዱ እጄን ሊይዝ ሞከረ፣ አምልጬው ደረቴን እየደቃሁ ድንኳን ውስጥ ገባሁ። ሰው ሁሉ እጁን ከትሪው ሳያነሣ ያየኛል። ቀና ስል ደግሞ ከቄሶቹ መሃል፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ሽማግሌው ቁጭ ብለው ያዩኛል።

«ነይ ልጄ፣ አታልቅሺ» አሉኝ። «ገና ነው። እጅሽን ታጠቢና ብይ።»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ቄሶቹ ሳይቀሩ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። አጠገቧ ያስቀመጠችኝ ሴትዮ እንባዬን እያየች በሳቅ እየተንፈቀፈቀች፣ «የቁም ተዝካራቸውን ነው ያወጡት፣ አልነገሩሽም እንዴ?» አለችኝ። አልነገሩኝማ! ለማንም አልነገሩም ነበር፣ ልጆቻቸው እንዳይሰሙ። ልጃቸው ከዓመታት በፊት የሰው ለቅሶ ላይ ተቀምጦ፣ ተዝካር የሚባል ነገር ብክነት ነው፣ እኔ ብሆን አላደርገውም ብሎ ተናግሯል አሉ። ሽማግሌው ያንን ቃል ይዘው ኖሩ። ከሞትኩ በኋላ ማንንም አላምንም፣ በቁሜ በዓይኔ እያየሁ ላውጣው ብለው፣ ልጆቹ ሰምተው እንዳያስቀሩባቸው በድብቅ ሲያሰናዱ ከረሙ። ጆንያው፣ ገመዱ፣ ጋኑ፣ ቄሶቹ፣ በቃ ሁሉም ይኼው ነበር። ጠላውን ጠጣሁ። ጥሩ ጠላ ነበር።

ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ቤቱ ዕዳም እግድም የለበትም። ወረቀቱን ይዤ እንደ ሕፃን እየሮጥኩ መጣሁ፤ ሽማግሌው ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አባባ፣ ይነሡ፣ እንሂድና እንፈራረም።»

«የት?»

«ውልና ማስረጃ ነዋ! አምስት ዓመት አላሉኝም?»

ዓይናቸውን ከፀሐይ ጋርደው አዩኝ። «እኔ እኮ ጨርሻለሁ ልጄ። ተዝካሬ ተበልቷል። ሙት አይፈርምም።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ባለፈው ረቡዕ በሕይወት ሳለሁ ደረጃሽን ወጥቼ ለምኜሽ ነበር» አሉኝ። «ላጣራ አልሽ። እንግዲህ አጣርተሻል።»

«አባባ፣ ይቀልዳሉ?»

«በተዝካር ማን ይቀልዳል? የዚህን ዓለም ነገር ጨርሻለሁ ብዬ በእግዚአብሔር ፊት አብልቻለሁ። አሁን ሄጄ ለአምስት ዓመት ብፈርም ያ ሁሉ ምን ሊባል ነው? ምሳ ግብዣ?»

ሕግ የተማርኩባቸውን ዓመታት ሁሉ አገላበጥኩ። ሰውየው በሕግ ፊት ሕያው ናቸው፣ ስለዚህ ወራሾቻቸው ሊፈርሙልኝ አይችሉም። በራሳቸው ፊት ደግሞ ሙት ናቸው፣ ስለዚህ እሳቸውም አይፈርሙም። ውክልና ይስጡ እንዳልል ውክልናም ፊርማ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛው ችሎት ይታያል? ጥር እየሄደ ነው። ወደ ነፍስ አባታቸው ሮጥኩ። ቄሱ ደግ ሰው ናቸው፣ አብረውኝ መጥተው፣ «ተዝካር ያወጣ ሰው አይፈርምም የሚል ነገር ቤተ ክርስቲያን የላትም፣ ይፈርሙላት» አሏቸው።

«አባ» አሉ ሽማግሌው፣ «እርስዎ መጽሐፉን ያውቃሉ። እኔ ደግሞ ለምን እንዳበላሁ አውቃለሁ።»

ቄሱ ትከሻቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ፎቶ ኮፒዋ ግን ሌላ ነገር ነው የነገረችኝ። «ሙት ነኝ ይላሉ? ተጫወቱብሽ! የተሻለ የሚከፍል አግኝተው ነው። ታያለሽ፣ አንቺ በወጣሽ ማግሥት ከሞት ይነሣሉ።» ውሸት አይመስልም ነበር። ያን ሳምንት መጽሐፍ ሳይሆን ሽማግሌውን ነው ሳነብ የከረምኩት። ሲወጡ በበረንዳው አያለሁ፣ ከማን ጋር እንደሚያወሩ አያለሁ። ወረቀቶቼንም በካርቶን ማሰር ጀመርኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ልባረር ነው።

አንድ ጠዋት ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ቀስ ብዬ ወርጄ በርቀት ተከተልኳቸው። አዎ፣ ጠበቃ የሚያህል ሰው ሽማግሌ እየተከተለ! አዲሱን ተከራይ ሊያገኙ ነው ብዬ ነበር። ሄደው ሄደው ጥግ ላይ ከሚሠራው ጫማ ሰፊ ዘንድ ተቀመጡና የአንድ እግራቸውን ጫማ አወለቁ። ከኋላቸው ካለው ሱቅ ባንኮኒ አጠገብ ቆሜ ጆሮዬን አቆምኩ። ጫማ ሰፊው ሶሉን አዙሮ አዙሮ አየ፣ አዲስ ሊለጥፍ አወጣ። ሽማግሌው ሶሉን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ጠመዘዙት።

«ይኼ ሁለት ክረምት ይቆየኛል?» አሉ።

ከሱቁ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። «ያዝኩዎት!» ብዬ ጮህኩ። «ሁለት ክረምት! ሁለት ክረምት ለምን ፈለጉ አባባ? ሙት ክረምት ይቆጥራል? ለእኔ ሲሆን ሞተዋል፣ ለሶል ሲሆን ግን በሕይወት አሉ!»

መንገደኛው ቆመ። ጫማ ሰፊው ወስፌውን ይዞ አፉን ከፈተ። ሽማግሌው ሶሉን እንደያዙ፣ በአንድ እግራቸው ካልሲ ብቻ፣ ቀና ብለው አዩኝ። አንገታቸው ላይ የደም ሥር ሲመታ ይታያል። ያኔ የጮህኩት ነገር አሳፈረኝ፣ ግን ከአፌ ወጥቷል።

«እውነትሽን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ተያዝኩ።» አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ በከዘራቸው አሳዩኝ። «ቁጭ በይ።»

ተቀመጥኩ።

«ሕያው ነኝ ካልኩ ያበላሁት ቀረ። ውሉን ልፈርምልሽ እችላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ተዝካር ያላወጣሁ ሰው ነኝ። ሌላ የማወጣበት አቅም የለኝም፣ ያለኝን ሁሉ ነው በዚያ ቀን የጨረስኩት። ልጆቼን አላምናቸውም። ስሞት ማን ያወጣልኛል?»

«ቄሱ መፈረም አይከለከልም ብለዋል እኮ አባባ።»

«ቄሱ ይበሉ። ማን ያወጣልኛል?»

ምን እንደሚሉ አውቄ ነበር፣ ግን እንዳይሉት ፈለግሁ።

«አንቺ ታወጪልኛለሽ» አሉ።

እንግዲህ የኔ ነገር! መጀመሪያ ያልኩት ምን መሰላችሁ? «ጥሩ፣ ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ እንጨምርበት። የሚጠራው ሰው፣ የሚታረደው፣ ሁሉም በዝርዝር ይጻፍ» አልኳቸው። ከሳቸው ሞት በኋላ ልጆቻቸው መጥተው ቢከራከሩኝስ? ከአቅሜ በላይ ቢሆንስ? ያልተጻፈ ነገር ማለቂያ የለውም፤ የገባበት ሰው መውጫ ያጣል።

«እሱ አይጻፍም» አሉኝ። «ተዝካር በውል አይወጣም። ኪራዩን ጻፊው፣ ይኼን ግን በአፍሽ ንገሪኝ። ታወጪልኛለሽ ወይስ አታወጪልኝም?»

በአፍ ቃል ሁለት ጊዜ ተባርሬያለሁ። እሳቸውም የወለዷቸውን ልጆች ያላመኑ ሰው ናቸው፤ እኔን ደግሞ ባጣራኋቸው በሳምንቱ፣ በአንድ እግር ካልሲ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ጫማ ሰፊው እንኳ ሥራውን ትቶ ይጠብቀኛል።

«አወጣለሁ» አልኩ።

ጥር ሊያልቅ ሲል ውልና ማስረጃ ቀረብን። አዲሱ ሶል ወለሉ ላይ ይጮኻል። ሠራተኛዋ ወጣት ናት፣ መታወቂያቸውን ተቀብላ አየችና ደንቡ እንደሚያዘው፣ «አባባ፣ የሚፈርሙት በራስዎ ፈቃድ ነው? ያስገደደዎት ሰው የለም?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ይቺ ናት ያስነሣችኝ» አሉ ወደኔ እያሳዩ። ሠራተኛዋ አልገባትም፣ ከወንበር ያስነሣኋቸው መስሏት ፈገግ አለች። ሽማግሌው ብዕሩን ያዙ። እጃቸው ወረቀቱ ላይ ትንሽ ቆየ፣ አንገታቸው ላይ ያለውን ማዕተብ በሌላው እጃቸው ነካ አደረጉ፣ ፈረሙ። ከዚያ ወደ ቤት እስክንደርስ ከፊቴ ቀድመው ሄዱ። የከፋቸው መሰለኝ። እኔም ያንን ወረቀት እንደዚያ ስፈልገው ከርሜ የጠበቅሁትን ያህል ደስ አላለኝም። ደረጃው ሥር ስንደርስ ከአንገታቸው ክር ላይ ያንን ቁልፍ ፈተው ሰጡኝና ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ፈቃዴ ታደሰ። ላይኛው ክፍል ውስጥ ነው ይኼን የምጽፈው፣ በበረንዳው በኩል ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይታየኛል። ሽማግሌው ደህና ናቸው፣ ሁለተኛውን ክረምት በዚያው ጫማ ጨርሰዋል። ባለፈው ሰሞን ከአማኑኤል ከተማ የመጣ ባለጉዳይ ጥሩ ስንዴ አለኝ ሲለኝ ለዚያ ቀን ይሆናል ብዬ ገዛሁና ታች ያንን የተቆለፈ ክፍል ከፍቼ አስገባሁ። ፎቶ ኮፒዋ ጆንያውን ከማዶ አይታ፣ ነገሩን ሁሉ ታውቃለችና፣ ሮጣ መጣች።

«የምርሽን ነው? አንቺ ብትቀሪ ምን ያደርጉሻል? በምን ይይዙሻል? ምን ማስረጃ አላቸው?»

ሳስበው ምንም የላቸውም። ወረቀት የላቸውም፣ ጫማ ሰፊውም ዘንድሮ አገሩ ገብቷል። ሽማግሌው ያኔ ደረጃው ሥር ቆመው ሰምተውን ነበር። መልሴን ሳይጠብቁ በከዘራቸው ጆንያውን ነካ ነካ አደረጉና፣ «ከግድግዳው ራቅ አድርጊው፣ እርጥበት ይይዘዋል» ብለው ፀሐያቸውን ሊሞቁ ወጡ።